የሰው ወርቅ አያደምቅም

በዛሬው ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ፣ እንዲሁም ከነዚያ አገሮች መጻሕፍት ዕውቀትን በሚቀዱ ከተሞች ሁሉ፣ «መንፈሳዊ ነኝ፤ ሃይማኖት ግን የለኝም» የሚል ሰው በዝቷል። ይህ ሰው ከሕንድ ጥቂት፣ ከግብፅ ጥቂት፣ ከአይሁድ ጥቂት፣ ከወንጌልም ጥቂት ለቅሞ በአንድ አቁማዳ ይከታል፤ ከየት እንዳመጣው ሲጠየቅም «እውነት አንዲት ናት፤ ባለቤት የላትም» ብሎ ይመልሳል። ቃሉን ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። ነገር ግን እውነት ባለቤት የላትም የሚለው ይኸው ሰው መጽሐፍ ጽፎ ባሳተመ ጊዜ በሽፋኑ ላይ የራሱን ስም በትልቁ ማስጻፍን አይረሳም፤ ዋጋውንም ከበስተ ጀርባው ያትማል።

ይህ ልማድ ትናንት የተወለደ አይደለም። አባትና እናት፣ አገርና ዓመት አለው። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በ1875 በኅዳር ወር በኒው ዮርክ ከተማ «ቴዎሶፊካል ሶሳይቲ» የሚባል ማኅበር ተቋቋመ። መሥራቾቹ በ1831 በሩስያ ግዛት የተወለደችው ወይዘሮ ሔሌና ብላቫትስኪ፣ አሜሪካዊው ኮሎኔል ሄንሪ ኦልኮት፣ ዊልያም ጃጅም ነበሩ። ቴዎሶፊ ማለት በጽርእ ቋንቋ ጥበበ እግዚአብሔር ማለት ነው፤ እንግዲህ ማኅበሩ ገና ሲጠመቅ ስሙን እንኳ ተውሶ ነው የተነሣው። ከዚህ ማኅበር ማኅፀን ብዙ ልጆች ወጥተዋል፤ በ1912 መጨረሻ በጀርመን ሩዶልፍ ስታይነር የመሠረተው አንትሮፖሶፊ፣ በአሜሪካ የተነሡት «ያረጉ ሊቃውንት» የሚሏቸውን የሚሰብኩ ጉባኤዎች፣ ዛሬም «አዲስ ዘመን» በሚል ስም የሚጠራው ወሰን የሌለው ገበያ ሁሉ የዚያ ቤት ተወላጆች ናቸው።

ወይዘሮ ብላቫትስኪ በ1877 «የተገለጠችው ኢሲስ» የተባለውን ሁለት ክፍል መጽሐፍ አወጣች። ዕውቀቱ በቲቤት ተራሮች ከሚኖሩ ስውራን መምህራን እንደ ተሰጣት ትናገር ነበር። ዊልያም ኤሜት ኮልማን የተባለ አሜሪካዊ ግን መጽሐፉን ከሌሎች መጻሕፍት ጋር አንድ ባንድ አስተያይቶ፣ ወደ 2,000 የሚሆኑ አንቀጾች ምንጫቸው ሳይጠቀስ ከሌሎች ጸሓፊዎች የተገለበጡ መሆናቸውን ጻፈ። ምንጮቹም የቲቤት ብራናዎች ሳይሆኑ በዚያው በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝኛ ታትመው በየመጻሕፍት ቤቱ ይሸጡ የነበሩ መጻሕፍት ናቸው።

በኢትዮጵያ የቅኔ ቤት «ዘረፈ» የሚለው ቃል የክብር ቃል ነው። ባለ ቅኔው ከብሉይ ታሪክ፣ ከሐዲስ ምሳሌ፣ ከአራዊትና ከዕፀዋት ጠባይ ሳይቀር ያገኘውን ሁሉ አምጥቶ በቅኔው ያውላል፤ ማንም ሌባ አይለውም። ታሪኩ የማን ታሪክ እንደ ሆነ ሰሚው ሁሉ ያውቃልና፤ ሰሙም ሰም፣ ወርቁም ወርቅ መሆኑ በመምህሩ ፊት ተፈትቶ ይነገራልና። የጓደኛውን ቅኔ ወስዶ ሌሊት የተገለጠለት አስመስሎ ለነገራ የሚቆም ተማሪ ግን ምን እንደሚጠብቀው ቅኔ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። በ1877 የሆነው ይህ ሁለተኛው ነው።

ለእውነት ሲባል አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። በ1885 የለንደን የምርምር ማኅበር ወይዘሮዋን አታላይ ናት ብሎ የፈረደበትን መግለጫ፣ ያው ማኅበር በ1986 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ የደብዳቤ መርማሪ ሚዛኑ የጎደለ ነው ብሎ ነቅፎታል። ስለዚህ ከሰማይ ወረዱ የተባሉትን ደብዳቤዎች ነገር ለዳኞች መተው ይሻላል። መጽሐፉ ግን በእጅ አለ፤ ሌላ ምስክር አይሻም።

በ1879 ብላቫትስኪና ኦልኮት ወደ ሕንድ ተሻገሩ፤ በ1880 በሴሎን ደሴት በጋል ከተማ የቡድሃን አምስቱን ትእዛዛት በአደባባይ ተቀበሉ፤ በ1882ም በማድራስ አጠገብ በአድያር የማኅበሩን መቀመጫ አደረጉ። ኮሎኔሉ በሴሎን ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ ደክሟል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን የቤቱ ባለቤቶች እንግዶቹን ምን አሏቸው? የአርያ ሳማጅ መሥራች የሆነው ሂንዱው ሊቅ ዳያናንዳ ሳራስዋቲ በ1878 ከማኅበሩ ጋር ተባብሮ ነበር፤ በ1882 ግን ትምህርታቸው የቬዳ ትምህርት አይደለም ብሎ በግልጽ ተለያቸው። በ1883 ሲኔት የተባለው እንግሊዛዊ የማኅበሩ አባል «ስውር የቡድሃ ትምህርት» የሚል መጽሐፍ ቢያሳትም፣ የሳንስክሪት መምህሩ ማክስ ሙለር በ1893 ቡድሃ የተሰወረ ትምህርት የለውም ብሎ ተከራከረው። እንግዲህ ሂንዱው «የእኔ አይደለም» አለ፤ የቡድሃን መጻሕፍት የሚያውቀውም «የነርሱ አይደለም» አለ። የማን ነው ታዲያ?

መልሱን ለማግኘት ዛሬ በየከተማው ስለሚነገረው ስለ ነፍስ መመላለስ ማየት ይበቃል። ለሂንዱውም ለቡድሃውም ተከታይ የመወለድና የመሞት ዙር እስራት ነው፤ በክፉ ሥራው ምክንያት በእንስሳ ሥጋ እስከ መወለድ የሚያደርስ፣ የሚያስፈራና የሚያስለቅስ እስራት። የጾሙ፣ የምናኔው፣ የዝምታው ሁሉ ፍጻሜ ከዚያ መንኰራኵር መውጣት ነው፤ አንዱ ሞክሻ፣ ሌላው ኒርቫና ይለዋል። ቡድሃማ ከዚህም አልፎ የማይለወጥ «እኔ» የሚባል ነገር ፈጽሞ የለም ብሎ አስተማረ፤ በርሱ ዘንድ «የእኔ ነፍስ በቀድሞ ሕይወቷ» ብሎ መጀመር ራሱ ስሕተት ነው። ቴዎሶፊስቶች መንኰራኵሩን ወስደው መሰላል አደረጉት። ዳርዊን በ1859 መጽሐፉን ካወጣ ወዲህ በአውሮፓ የነገሠውን የመሻሻል ሐሳብ ከካርማ ጋር ቀላቅለው፣ ነፍስ ከሥጋ ወደ ሥጋ እየተሸጋገረች ወደ ላይ ብቻ ትወጣለች፤ ወደ እንስሳ ከቶ አትመለስም አሉ። የሚያስደንቀውም፣ ወይዘሮዋ በ1877ቱ መጽሐፍ ነፍስ ወደ ሌላ ሥጋ የምትመለሰው በብርቅ ነው ብላ ጽፋ ነበር፤ ሕንድን ካየች በኋላ በ1888 ባሳተመችው «ስውር ትምህርት» ግን የዓለም ሁሉ ሕግ አደረገችው። ከዘላለም ጀምሮ አይለወጥም የተባለው ጥበብ በ11 ዓመት ውስጥ ተለወጠ።

እስራቱ መሰላል ከሆነ በኋላ የሚያስለቅስ ነገር አልቀረበትም። ሕንዳዊው መነኵሴ የሚሸሸውን ነገር የለንደንና የካሊፎርንያ ሰው እንደ ተስፋ ይመኘዋል። «ቀድሞ ማን ነበርሁ?» እያለ ይጠይቃል፤ የግብፅ ካህን ወይም ንግሥት ሆኖ ይገኛል፤ ቀድሞ ባሪያ ነበርሁ፣ እንጨት ለቃሚ ነበርሁ የሚል እምብዛም አይሰማም።

የተዋሕዶ ልጅ ይህን ትምህርት በሕንዳዊው መልኩም ቢሆን አይቀበለውም፤ ለሰው አንድ ጊዜ መሞት፣ ከዚያ በኋላም ፍርድ ተመድቦለታልና። ነገር ግን የማይቀበሉትን ቃል እንኳ ሳያጣምሙ ጠቅሶ መከራከር የሊቃውንት ሕግ ነው። ቅዱስ ቄርሎስ ንስጥሮስን ሲረታ በመጀመሪያ የንስጥሮስን ቃል በስሙ አስቀምጦ ነው። ካህን የሕንዳዊውን ሃይማኖት ባይቀበል ሃይማኖት መሆኑን ያውቃል፤ ቀንበር አለውና፣ መምህር አለውና፣ የሚያስከለክለው ነገር አለውና። የተውሶው ሃይማኖት ጌጡን ወስዶ ቀንበሩን በባለቤቱ ደጅ ጥሎ የመጣ ነው።

በቃሉ ትርጕም ላይም አደጋ አለ። ይህን የነፍስ መመላለስ ወደ አማርኛ ሲመልሱ «ዳግም ልደት» የሚሉት ተርጓሚዎች ምን እንዳደረጉ ልብ ሊሉት ይገባል። ዳግም ልደት የጥምቀት ስም ነው፤ ኒቆዲሞስ ሌሊት መጥቶ የተማረው፣ ከውኃና ከመንፈስ የሚወለዱት ልደት ነው። የኒቆዲሞስ ጥያቄ ሰው ወደ እናቱ ማኅፀን ተመልሶ ይገባ ዘንድ ይችላልን የሚል ነበረ፤ ጌታም አይደለም ብሎ ወደ ጥምቀት መራው። ዛሬ በዚያው ቃል የኒቆዲሞስን ስሕተት መልሶ ማስተማር ለሰሚው ወጥመድ ነው።

ስለ ቻክራዎች የሚነገረውም እንዲሁ ነው። በ1577 በቤንጋል የጻፈው ፑርናናንዳ ስድስት ማዕከሎችን፣ በራስም ላይ ያለውን ሺሕ ቅጠል ያለውን አበባ በሥርዓት ዘርዝሯል፤ ያለ መምህርና ያለ ፈቃድ የማይነካ ምሥጢር አድርጎ። እንግሊዛዊው ሌድቢተር በ1927 ስለዚሁ ነገር መጽሐፍ ሲያሳትም በኀፍረተ ሥጋ አጠገብ የነበረውን ማዕከል አንሥቶ ወደ ጣፊያ አዛወረው። ምናልባት ስፍራው ለአንባቢዎቹ አሳፍሮት ይሆናል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ደግሞ ለየማዕከሉ የቀስተ ደመናን ቀለም በተራ አደሉትና፣ ዛሬ ይህ የቀለም ሰንጠረዥ «የአምስት ሺሕ ዓመት ጥበብ» እየተባለ ይሸጣል።

ከሁሉ የከፋው ግን በጌታ ስም ላይ የተደረገው ነው። ወይዘሮ ብላቫትስኪ በ1891 ከሞተች በኋላ ማኅበሩን የመራችው አኒ ቤዛንት በ1901 «ስውር ክርስትና» የተባለ መጽሐፍ አሳተመች። በርሱም ኢየሱስ ሌላ፣ ክርስቶስ ሌላ ነው፤ በጥምቀት ጊዜ ኢየሱስ ሥጋውን ለክርስቶስ አስረከበ ብላ አስተማረች። ይህን ለአዲስ መገለጥ የቆጠሩት ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ቄርንጦስ የተባለው መናፍቅ በሐዋርያው በዮሐንስ ዘመን ይህንኑ ይል ነበር፤ ክርስቶስ በጥምቀት በኢየሱስ ላይ ወረደ፣ በመከራም ጊዜ ተለየው ብሎ። ሄሬኔዎስ እንደ ጻፈው ዮሐንስ በኤፌሶን ወደ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቄርንጦስን ባየ ጊዜ፣ ቤቱ እንዳይወድቅበት ፈርቶ ሳይታጠብ ሮጦ ወጣ። እንግዲህ ከሂማልያ መጣ የተባለው የኤፌሶን ዕቃ ነው። ተዋሕዶን የተማረ የቆሎ ተማሪ በግማሽ ቀን የሚመልሰውን፣ በለንደን አዳራሽ ወርቅ ከፍለው ሰሙት።

ከዚህም ትምህርት ሥራ ወጣ። በ1909 ሌድቢተር በአድያር ባሕር ዳር ክሪሽናሙርቲ የሚባል ሕንዳዊ ብላቴና አይቶ የሚመጣው የዓለም መምህር ማደሪያ ይህ ነው አለ። በ1911 በስሙ «የምሥራቅ ኮከብ» የተባለ ማኅበር ተቋቋመለት፤ ገንዘብና ርስትም ተሰበሰበለት። በነሐሴ 1929 ክሪሽናሙርቲ በሆላንድ አገር በኦመን በተከታዮቹ ጉባኤ መካከል ቆሞ ማኅበሩን ራሱ አፈረሰው፤ የተሰጠውንም ርስት መለሰ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሐቀኛ ሆኖ የተገኘው ጣዖት ይሆን ዘንድ የተመረጠው ልጅ ነበር። የሚያሳዝነው፣ ጣዖቱ አልሆንም ብሎ ሲሄድ ጣዖት ሠሪዎቹ ሥራቸውን አለመተዋቸው ነው።

ሌላም ክስ አለ፤ በተማሩ ሰዎች አፍ የሚዘወተር ስለ ሆነ ዝም ብሎ አይታለፍም። «የጥንት ክርስቲያኖች የነፍስን መመላለስ ያምኑ ነበር፤ በ553 በቍስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤ በንጉሥ ዩስጢንያኖስ ትእዛዝ ከመጻሕፍት አስፋቀው» ይላሉ። በዚያ ጊዜ የተወገዘው ነፍሳት ከሥጋ በፊት ነበሩ የሚለው የኦሪጀን ሐሳብ ነው፤ ኦሪጀን ራሱ ግን በማቴዎስ ትርጓሜው ስለ ኤልያስና ስለ ዮሐንስ ሲናገር ነፍስ ከሥጋ ወደ ሥጋ ትዛወራለች የሚለውን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም ብሎ ጥሎታል። ይህም ይቅርና ሌላ ጥያቄ ይጠየቁ። በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት የኢትዮጵያ፣ የግብፅ፣ የሶርያና የአርመን አብያተ ክርስቲያናት ከቍስጥንጥንያ ተለይተዋል፤ የ553ቱን ጉባኤ አንዳቸውም አልተቀበሉትም። አክሱምም በዩስጢንያኖስ መንግሥት ሥር አልነበረችም፤ ዩስጢንያኖስ ለአክሱም መልእክተኛ ይልክ ነበር እንጂ ትእዛዝ አይልክም ነበር። ታዲያ ንጉሡ የፋቀው ትምህርት እጁ ባልደረሰበት በግዕዙ መጽሐፍ ውስጥ ለምን አልተገኘም? በአርመንኛው፣ በሱርስቱስ ለምን የለም? የንጉሥ ፍቅፋቂ በአራት ቋንቋ፣ በጠላቶቹም ቤት ጭምር በአንድ ሌሊት አይደርስም። ይህን ክስ የሚጽፉት ሰዎች ከሮምና ከቍስጥንጥንያ በቀር ቤተ ክርስቲያን ያለ አይመስላቸውም።

እዚህ ላይ ተከራካሪው የሚያነሣው አንድ ብርቱ ቃል አለ፤ ሊመለስለትም ይገባል። «ቤተ ክርስቲያንስ አልተዋሰችምን?» ይላል። ተውሳለች። በ1553 በንጉሥ ገላውዴዎስ ዘመን የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሰው «በራላምና ይዋስፍ» የተባለው መጽሐፍ መነሻው የቡድሃ ታሪክ እንደ ሆነ በ19ኛው መቶ ዓመት ሊቃውንት ደርሰውበታል፤ ይዋስፍ የሚለው ስም ራሱ ቦዲሳትቫ ከሚለው የሕንድ ቃል በየቋንቋው እየተለወጠ የመጣ ነው። በሕማማት የሚነሡት የአምስቱ ቅንዋት ስሞች፣ ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ የሚሉት፣ በ79 በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በጳምፔ ከተማ ግድግዳ ላይ ከተገኘው የላቲን የቃል ሥዕል ጋር አንድ ናቸው። ይህን መስማት የሚያስደነግጠው ካህን ካለ አይደንግጥ። ከግብፅ የወጣው ወርቅ የእስራኤል ሁሉ እጅ ገብቶ ነበርና፤ ባስልኤል ኪሩቤልን አደረገበት፤ በተራራው ሥር የነበሩት ጥጃ አደረጉበት። ወርቁ አንድ ነው፤ ከግብፅ መምጣቱም በማንም አልተደበቀም። ቅዱስ ጳውሎስም በአርዮስፋጎስ የጽርእን ባለ ቅኔዎች ቃል ሲጠቅስ ከራሳችሁ ባለ ቅኔዎች ነው ብሎ ባለቤቱን ነግሯል እንጂ በሦስተኛው ሰማይ ሰማሁት አላለም።

የይዋስፍም ታሪክ እንዲሁ ነው። የባለቤቱ ስም በመንገድ ጠፋ፤ ከሕንድ እስከ ዐረብ፣ ከዐረብ እስከ ኢትዮጵያ ብዙ ዘመን ነውና፤ ማንም ግን ሊሰውረው አልፈለገም። ከሁሉም የሚበልጠው፣ ታሪኩ ቀንበሩን እንደ ተሸከመ መምጣቱ ነው። ንጉሥነትን ትቶ ወደ በረሃ የሚሄድ ልጅ በሕንድም ይጾማል፣ በግዕዝም ይጾማል። ያንን መጽሐፍ የሚያነብ መነኵሴ ጌጥ አያገኝበትም፤ ማቅ ያገኝበታል።

ቀንበር የሌለው ተውሶ ሰው እስከ መግደል ይደርሳል። በጥቅምት 2009 በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት አንድ የብልጽግና ሰባኪ፣ የአገሩ ሕንዶች በጋለ ድንጋይ እንፋሎት ውስጥ ተቀምጠው የሚጸልዩበትን ሥርዓት ተውሶ ብዙ ገንዘብ የከፈሉትን ሰዎች በጎጆ ውስጥ ዘጋባቸው፤ 3 ሰዎች ሞቱ፤ ሰባኪውም በ2011 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተፈረደበት። የላኮታ ሕዝብ ሽማግሌዎች ግን ከዚያ 16 ዓመት ቀድመው፣ በ1993፣ ጸሎታቸውን እየወሰዱ በሚነግዱ ላይ በአንድ ቃል ተነሥተው ነበር። የሰማቸው ጥቂት ነው።

አሁን ነገሩ ወደ ኢትዮጵያ ደጅ ይደርሳል፤ መጽሐፈ ሄኖክ አለና። ሐዋርያው ይሁዳ የጠቀሰው ይህ መጽሐፍ በሮምና በጽርእ አገር ከጥንት ጀምሮ እየተናቀ ሄዶ ከጥቂት ቍራጭ በቀር ጠፋ። በኢትዮጵያ ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ጋር ተቈጥሮ፣ እየተገለበጠና እየተነበበ ኖረ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1773 ሦስት ቅጂ ይዞ ወደ አውሮፓ ገባ፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በሙት ባሕር ዋሻ የተገኙት የአራማይክ ቍራጮች በ1976 ሲታተሙ የመጽሐፉን ጥንታዊነት መሰከሩ፤ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው ግን እስከ ዛሬ በግዕዝ ብቻ ነው።

ይህ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ እንደ ወጣ ተዋሾቹ እጃቸውን ዘረጉበት። ወይዘሮ ብላቫትስኪ በ1888ቱ መጽሐፏ ሄኖክን ለትምህርቷ ምስክር አድርጋ ጠራችው፤ የወደቁትን መላእክት ለሰው ልጅ ብርሃንን ያመጡ መምህራን አደረገቻቸው፤ በ1887 በለንደን ያቋቋመችውንም መጽሔት «ሉሲፈር» ብላ ሰየመችው። በ1983 ደግሞ በአሜሪካ የአንድ እንዲህ ያለ ጉባኤ መሪ የነበረችው ኤልሳቤጥ ክሌር ፕሮፌት «የሄኖክ የተከለከሉ ምሥጢሮች» የሚል መጽሐፍ አሳትማ፣ አበው መጽሐፉን ሆን ብለው ከሕዝብ እንደ ሰወሩት፣ የወደቁትም መላእክት ሥጋ ለብሰው በሰው መካከል እንዳሉ ጻፈች።

ተሰወረ? ከማን? በጎጃምና በጐንደር በየደብሩ ዕቃ ቤት የነበረ፣ ደብተራው የገለበጠው፣ መምህሩ በአንድምታ የተረጐመው መጽሐፍ ተሰወረ ይባላልን? አውሮፓ ያጣውን ነገር ዓለም አጣው ማለት የቆየ የፈረንጅ ጠባይ ነው። ይህስ ይሁን። ነገር ግን መጽሐፉን ወስደው ምን አደረጉት? ሄኖክ የሚናገረው ይህን ነው፦ ሁለት መቶ ትጉሃን በአርሞንኤም ተራራ ወረዱ፤ የሰውን ሴቶች ልጆች አገቡ፤ አዛዝኤልም ሰይፍና ጋሻ መሥራትን፣ ዓይን መኳልንና ጌጥን አስተማረ፤ ሌሎቹም ሥር መማስን፣ ማሟረትን፣ ኮከብ መቍጠርን አስተማሩ፤ ምድርም በደም ተመልታ ጮኸች። እግዚአብሔርም አዛዝኤልን በጨለማ አሳሰረው፤ ለትጉሃኑም ያወቃችሁት የተናቀውን ምሥጢር ነው፣ ታላቁ አልተገለጠላችሁም የሚል ፍርድ በሄኖክ አፍ ላከባቸው።

እንግዲህ መጽሐፈ ሄኖክ ያልተሰጠን ዕውቀት ሰርቆ ማውረድ ምን እንዳመጣ የሚያስረዳ መጽሐፍ ነው። ይህን መጽሐፍ ከሚዘርፉት መካከል አንድ እንኳ ይህን ምዕራፍ አንብቦ ያልደነገጠ መሆኑ ያስገርማል። የፍርዱን መጽሐፍ የተከሳሹ መወድስ አደረጉት። ብራናው የአዛዝኤልን ስም ይጠራልና ከፍ ያለ መምህር መሰላቸው፤ ስሙ የተጠራው ለእስር መሆኑን አላዩም።

ይህ በሽታ የባሕር ማዶ ሰው ብቻ ነው የሚል ካለ ገበያ ወጥቶ ይይ። የዕብራይስጡን፣ የዐረቡን፣ የጽርኡን ቃል ትርጕሙን ሳያውቅ አሰካክቶ፣ «አስማተ ሰሎሞን ነው» ብሎ ለታመመች ሴት በብር የሚሸጥ ጠልሰም ጸሓፊ ከወይዘሮ ብላቫትስኪ በምን ይለያል? በካባና በጥምጣም ካልሆነ በቀር። እንዲያውም የርሱ ይብሳል፤ እርሷ ወንጌል ከማይነበብበት ቤት አልወጣችም፣ እርሱ ግን ከቅኔ ማኅሌት ነው የወጣው። እንዲህ ያለውን ሰው ደብሩ እያየ ዝም ሲል ከተሜው ወጣት ስለ ውጭዎቹ አስማተኞች የሚሰጠውን ተግሣጽ እንዴት ይሰማል?

ወጣቱ የሚጠይቀውን ጥያቄ ካህናት ያውቁታል። የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ በእጁ ይዞ ይመጣል፤ «ሄኖክ ውስጥ እንዲህ አለ ይላሉ፤ እውነት ነው?» ይላል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «አትመራመር፤ ለአንተ አልተፈቀደም» የሚል ነው። ይህ መልስ የወይዘሮ ፕሮፌትን ክስ ያጸናላታል፤ ሰወሩት ብላ የለምን? ግዕዙን የሚያውቀው መምህር እያለ፣ የትርጓሜውም ብራና በመንበሩ ተጋድሞ እያለ፣ የጐንደር ልጅ ሄኖክን ከሞንታና የሚማርበት ምክንያት የለም። ቢያንስ ከስድስተኛው እስከ አሥራ ስድስተኛው ያለው የትጉሃን ነገር በየሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ከነአንድምታው፣ ከአማርኛው ጋር ጎን ለጎን ተጽፎ ይነበብ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ገንዘብ አንድ የደወል ቤት ቀለም ከሚቀባበት አይበልጥም፤ የሚያስፈልገው መምህርም በአብዛኛው ደብር ደጀ ሰላም ተቀምጦ ጠያቂ አጥቶ ይገኛል።